ከአጥር ውጭ መሰቀል የነበረበት ጀሪካን

ጀሪካኑ ከአጥር ውጭ መሰቀል እንዳለበት ጀምበሬ ያውቅ ነበር። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል፤ ኋላ ላይ «የዋህ ነው፣ ተሳስቶ ነው» የሚል ጠበቃ እንዳይነሳለት። ሰውየው ያውቅ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የጥድ ቅርፊት እየላጠ ጥንዚዛ ሲያጠና የኖረ፣ ለደን ጠባቂዎች ሥልጠና ሲሰጥ «ወጥመዱን ከእንጨቱ አርባ እርምጃ አርቁ» ብሎ በጠመኔ የሚጽፍ ሰው እንዴት አያውቅም? አውቆ ነው ያደረገው። ለምን እንዳደረገው ደግሞ ልንገራችሁ።

ካርቱም፣ ሳጃና ገበያ ውስጥ፣ ብረትና ሲሚንቶ ከሚሸጥባቸው ሱቆች ጀርባ የእንጨት ነጋዴዎች ግቢ አለ፤ ሱዳኖቹ ዘሪባ ይሉታል። ከዘሪባዎቹ በአንዱ፣ በሐጅ ባቢከር ግቢ፣ የሚገባውን እንጨት እየመረመረ ደረጃ የሚያወጣው ጀምበሬ ነበር። ጀምበሬ ብላችሁ ብትጠይቁ ግን ማንም አያውቀውም። «ዶክተር» ነው። ሱዳኖቹም «ያ ዳክቶር» ነው የሚሉት። በዘጠና ሰባቱ ምርጫ ማግስት አገር ጥሎ ሲወጣ የዶክትሬት ጽሑፉን አልጨረሰም ነበር፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት «ኧረ እኔ ዶክተር አይደለሁም» ሲል ከረመ። ሦስተኛው ወር ላይ ተወው። ሰው ካከበረኝ ምን ላድርገው፣ እያለ ራሱን ያጽናናል። ደስ ይለው እንደነበር ግን ለራሱም አይነግረውም።

ይህን ሥራ ያገኘለት ጋሽ ተሰማ ነው። ተሰማ ከአገር ቤት በገላባት ድንበር በኩል የፈረንጅ ጥድ አጣና እያስመጣ ለሳጃና ነጋዴዎች የሚያስረክብ፣ ካርቱም ከገባ ሃያ ዓመት ያለፈው፣ ጢሙ የሸበተ ሰው ነው። ፊደል የቆጠረው እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ጀምበሬ ከድንበር የመጣ ዕለት አውቶቡስ መናኸሪያው ደረቅ ወለል ላይ፣ አንድ ጫማው ተቀዶ፣ ሰው ቀና ብሎ ማየት አቅቶት ተቀምጦ አገኘው። «ተነስ እስቲ፣ አንተ ሰው» አለው፤ በቃ፣ ይዞት ቤቱ ሄደ። ስምንት ወር አስቀመጠው። ባለቤቱ ስንቅነሽ ክፍሏን በመጋረጃ ከፍላ ለእንግዳው አልጋ ዘረጋች። አንድ ቀን እንኳን «መቼ ትወጣለህ» አላሉትም። ከዚያ ተሰማ እጁን ይዞ ወደ ሐጅ ባቢከር ወሰደውና «ይኼ የምታየው ሰው እንጨትን ከውስጥ የሚያነብ ምሁር ነው» አለለት።

በፈረንጆቹ 2012 ማለቂያ ላይ ተሰማ በሁለት መኪና አንድ ትልቅ ጭነት አስመጣ። ጀምበሬ እንደ ልማዱ ቢላዋውን ይዞ ወረደ፤ ከየክምሩ አጣና እያነሳ ቅርፊቱን ላጠ፣ በአጉሊ መነጽር አየ፣ አሸተተ። አንዲት ቀዳዳ የለም። «እንደ ሕፃን ገላ ነው!» ብሎ በሰው ፊት ጮኸ። ተሰማም ደስ ብሎት ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

ጥር ላይ ነው ነገሩ የጀመረው። ከባህር ማዶ በፖርት ሱዳን በኩል የገባው የፈረንጅ እንጨት ላይ፣ ቅርፊቱ በደንብ ካልተላጠው ሥር፣ ዱቄት የመሰለ ብናኝ ታየ። የሐጁ ክምር ላይ ትንሽ ነው። የጎረቤቶቹ ዘሪባዎች ላይ ግን ብሷል። ሐጁ ብናኙን በጣቱ ነካ አድርጎ «ይኼ ምንድን ነው፣ ያ ዳክቶር?» አለው።

ጀምበሬ ቅርፊቱን ገለጠ። ከሥሩ ጥንዚዛዋ ናት፤ ከሩዝ ፍሬ የምታንስ፣ ጥቁር ቡኒ፣ እግሯን ሰብስባ የሞተች የምታስመስል። እህቷን አገር ቤት ስንት ሺህ ጊዜ በእጁ ይዟታል! ሰውየው ፊቱ በራ። ሰባት ዓመት ሙሉ «ይኼ አንደኛ፣ ይኼ ሁለተኛ» ከማለት በቀር ማንም ምንም ጠይቆት አያውቅም። አሁን ተጠየቀ፤ ከዚያማ ማን ያቁመው።

«ይቺ ጥንዚዛ፣ ሐጅ፣ ብቻዋን ጤነኛ ዛፍ ብትደፍር ሙጫው ያሰምጣታል» አለ። «ስለዚህ የደከመ ዛፍ ትፈልጋለች። ስታገኝ ቅርፊቱን በስታ ትገባና ሙጫውን በልታ፣ ሆዷ ውስጥ ቀምማ፣ መልሳ ሽታ አድርጋ ትለቀዋለች። ነፋስ ይወስደዋል። በአካባቢው ያለች ጥንዚዛ ሁሉ፣ ወንድም ሴትም፣ ያ ሽታ ሲደርሳት ተነስታ ትመጣለች። በመቶ፣ በሺህ ሆነው ዛፉን ይጥሉታል።»

«አፋቸው ሽታቸው ነዋ!»

«ይገርምዎታል፣ ዛፉ ሲሞላ ደግሞ ሌላ ሽታ ይለቃሉ። ‹ሞልቷል፣ ሌላ ቦታ ሂዱ› የሚል። የሚመጡትም ይመለሳሉ።»

ሐጁ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ወላሂ ከእኔ ዘመዶች ይሻላሉ! እኔ ቤት ሞልቷል ቢባል ማን ይመለሳል!»

ፈረንጆች ያንን የጥሪ ሽታ በፋብሪካ ሠርተው፣ የሻይ ከረጢት በምታህል ነገር አሽገው እንደሚሸጡት ጀምበሬ ነገረው። ሐጁ ለካይሮው አማቹ ደወለ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ስድስት ከረጢት መጣ። ጀምበሬ አንድ ጀሪካን ጥቁር ቀለም ቀባ፣ በጎንና በጎኑ መስኮት ቆረጠ፣ ከታች የሳሙና ውሃ ጨመረ፣ ከረጢቷን ከላይ አንጠለጠለ። የምትመጣው ጥንዚዛ ጀሪካኑን የዛፍ ግንድ መስሏት ትጋጨውና ውሃው ውስጥ ትወድቃለች። ነገሩ ይኸው ነው።

ከዘሪባው ጀርባ፣ ከአጥሩ ውጭ፣ ባዶ መሬት ላይ አንዲት የኒም ዛፍ አለች። ጀምበሬ ጀሪካኑን ይዞ ወደዚያ ሄደ። በሩን ሊያልፍ ሲል ሐጁ ጠራው።

«ወዴት ነው? እዚያ ሌባ ይወስደዋል። እዚህ መሃል ግቢ ስቀለው፤ ሰው ይየው እንጂ!»

ጀምበሬ ቆመ። «አይሆንም፣ ሐጅ፤ ይኼ ነገር ይጠራል፤ እንጨት መሃል ከሰቀልነው እንጨቱ ላይ ነው የምንጠራቸው» ማለት ነበረበት። አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የኒሟን ዛፍ አየ፤ ሥሯ ሁለት ፍየሎች ተኝተዋል። እዚያ ቢሰቅለው ከፍየል በቀር ማን ያይለታል? «ሰው ይየው» የሚለው ቃል ጆሮው ውስጥ ጣፈጠው። ምን ችግር አለው፣ በየቀኑ እየተከታተልኩ እቆጣጠረዋለሁ፣ አለ በልቡ። ተመለሰና ጀሪካኑን መሃል ግቢ ምሰሶ ላይ ሰቀለው። ከምሰሶው በስተግራ የፈረንጁ እንጨት፣ በስተቀኝ የተሰማ አጣና ነበር የተከመረው።

ኧረ ጉድ! ሦስተኛው ቀን ላይ ጀሪካኑ ተፈልጎ የማይገኝ ትርዒት ሆነ። አመሻሽ ላይ ፀሐይ በረድ ስትል ጥንዚዛዎቹ ይመጣሉ፤ በዓይን ይታያሉ። ጀምበሬ እጅጌውን ሰብስቦ ጀሪካኑን ያወርድና ውሃውን በወንፊት ያጠልላል። ጥቁር ክምር! ሰው «ሱብሃነላህ!» ይላል። የጎረቤት ዘሪባ ባለቤቶች መጡ፣ ከሐበሻ ምግብ ቤቶች የእኛ ሰዎች መጡ፣ ካርቱም ሁለት ከሚባለው ሰፈር ድረስ መኪና ይዞ የመጣ አንድ መሐንዲስም ነበር። ጀምበሬ በአረብኛም በአማርኛም ሲያስረዳ ድምፁ ሳይቀር ተለወጠ፤ አገር ቤት ሰሌዳ ፊት ሲቆም የነበረው ድምፅ መጣለት። ተሰማ ደግሞ ዳር ላይ ቆሞ፣ ለማያውቀው ሰው ሁሉ «የእኛ ልጅ ነው እኮ! እኔ ቤት ነበር የሚኖረው» ይላል።

ጀሪካኑ በየቀኑ እየሞላ ሄደ። እዚህ ላይ ነው ጀምበሬ መንቃት የነበረበት። ወጥመድ የሚይዘው በየቀኑ ከበዛ እየጨረሰ አይደለም፣ እየጠራ ነው። ከሦስቱም ጎረቤት ዘሪባዎች ጠራርቶ እያመጣቸው ነበር። ግማሾቹ ውሃው ውስጥ ገቡ። ግማሾቹስ? ሽታው «ኑ» ብሏቸው መጥተው፣ አጠገቡ ቅርፊቱ ያልተላጠ አጣና ክምር ሲያገኙ፣ ምን ይፈልጋሉ ከዚያ በላይ?

በሃያኛው ቀን ጠዋት ጀምበሬ ማንም ሳይመጣ ቀድሞ ገባ። በተሰማ አጣና ክምር ሥር መሬቱ በብናኝ ነጥቷል። አንዱን አነሳ፣ በቢላዋ ላጠ። ከቅርፊቱ ሥር የጥንዚዛ መተላለፊያ ቦይ ወዲያና ወዲህ ተቆፍሯል፤ እንቁላል አለ፣ ነጫጭ ትል አለ። ሌላ ላጠ። ያው። አምስተኛውንም ላጠ። ሁሉም ትኩስ ነው፣ ከሦስት ሳምንት የማይበልጥ። እንዴት እንደገቡ፣ መቼ እንደገቡ፣ ማን እንደጠራቸው ከእሱ በላይ የሚያውቅ ሰው ካርቱም ውስጥ የለም። ቅርፊቶቹን ሰብስቦ በእግሩ አፈር አለበሳቸው። እስቲ አሁን፣ የተማረ ሰው እንዲህ ያደርጋል?

በዚያው ሳምንት አጣናውን ለቤት ክዳን የገዛ፣ አርካዊት ከሚባለው የካርቱም ሰፈር የመጣ አንድ ሰው አራት አጣና በመኪና ጭኖ መጥቶ ሐጁ እግር ሥር ጣለው። «ይኼ ነው የሸጥክልኝ? ጣሪያዬ ላይ ነው ብናኙ የሚዘንበው!» ሰው ተሰበሰበ። ሐጁ ፊቱ ጠቆረ። ተሰማም እዚያው ነበር፤ የሚቀጥለውን ጭነት ሊነጋገር መጥቶ።

«ያ ዳክቶር» አለ ሐጁ፣ «ከየት ነው የመጣው ይኼ?»

ያ ሁሉ ሰው ዞሮ ጀምበሬን አየው። ከራሱ በላይ ጀሪካኑ ተንጠልጥሏል። በዚያች ቅጽበት «እኔ ነኝ» ቢል ምን ይሆን ነበር? ይሳቅበት ነበር። ሥራውን ያጣ ነበር ምናልባት። «ዶክተር» ማለት ይቀር ነበር። ይኼው ነበር፤ ከዚህ የበለጠ ምንም አልነበረም። እሱ ግን በዚያች ሰዓት ከዚህ የሚበልጥ ነገር በዓለም ላይ ያለ አልመሰለውም።

«ከእንጨቱ ጋር ነው የመጣው» አለ። «ከድንበር።»

ተሰማ ቀስ ብሎ ወደፊት መጣ። አልተቆጣም። ፊቱ ላይ የነበረው ግራ መጋባት ብቻ ነው።

«የእኔ እንጨት ነው፣ ዶክተር?»

«ይመስላል።»

«ያን ጊዜ ልጠህ አይተህ ንጹህ ነው ብለኸኝ ነበር እኮ።»

ጀምበሬ የተጣለውን አጣና በእግሩ ገፋ አደረገው። ከዚያ ያችን ነገር ተናገራት፤ እስከ ዛሬ ሲያስታውሳት ጆሮው የሚግልባትን። «እንቁላሉ ያን ጊዜ በዓይን አይታይም፣ ጋሽ ተሰማ። በሳይንሱ ድብቅ ጊዜ የሚባል አለ።»

እንደዚያ ያለ ድብቅ ጊዜ የለም። እንቁላሉ በዓይን ይታያል። ግን ማን ይከራከረው? ተሰማ ራሱን ነቀነቀ፣ ሳይንሱን እንደተቀበለ ሁሉ። ከዚያ ወደ ሐጁ ዞሮ ኮፍያውን አወለቀ። «ማሌሽ፣ ሐጅ። አላወቅኩም። ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። ሐጁም «ኸላስ፣ ያ ተሰማ። ከእንግዲህ እንጨትህን እኔ ዘሪባ እንዳላይ» አለ። በማግስቱ ወሬው ሳጃናን አዳርሶ ነበር፤ ሌሎቹም ነጋዴዎች ከተሰማ መግዛት አቆሙ። ሃያ ዓመት የሠራበት በር በአንድ ከሰዓት በኋላ ተዘጋበት።

ጀምበሬ ሁለት ቀን ቆይቶ፣ «ነፋሱ ተለውጧል» የሚል ሰበብ ፈጥሮ፣ ጀሪካኑን ወደ ኒሟ ዛፍ አዛወረው። የተበከለውን አጣናም አስወጥቶ አስቃጠለ። በወሩ ጥንዚዛው ረገበ። ሐጁ በሰው ፊት አቅፎ ሳመው፤ «ዳክቶር ባይኖር ዘሪባዬ አልቆ ነበር» አለ። በዚያ ላይ ደመወዝ ጨመረለት፣ አዲስ ቢሮ ከነማራገቢያው ሰጠው። ጀምበሬ ማራገቢያው ሥር ተቀምጦ በላብ ይጠመቃል። ምግብ አስጠላው። ተሰማን እንዳያገኘው ብሎ ሁልጊዜ የሚሄድበትን መንገድ ትቶ በብረት ሻጮቹ በኩል ዞሮ መሄድ ጀመረ። የአምሳ ዓመት ሰው፣ ሰው ፈርቶ ግድግዳ ለግድግዳ ይሄዳል!

ከተሰማ ቢያመልጥ ከስንቅነሽ አላመለጠም። አንድ ረፋድ፣ ሱዳኖቹ ሀፍላ የሚሉትን ሚኒባስ ፌርማታ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ፣ ከኋላው «ዶክተር!» የሚል ድምፅ ሰማ። ዞር ሲል ስንቅነሽ ናት፣ በቶብ ተሸፋፍና፣ ፌስታል ይዛ። ትሰድበኛለች ብሎ ጠበቀ፤ ብትሰድበው እንዴት በቀለለው።

«ምነው ጠፋህብን?» አለች። «በእኛ እንጨት የተነሳ ሐጁ ፊት አፍረህ ነው አይደል? ተሰማም ይህንኑ ነው የሚለው። ‹ንጹህ ነው ብሎ የመሰከረልኝን ልጅ በሰው ፊት አዋረድኩት› እያለ እንቅልፍ የለውም። ይቅር በለን፣ የእኔ ወንድም።»

«ኧረ ምንም አይደለም» የሚል ነገር ከጀምበሬ አፍ ወጣ። ምንም አይደለም! ይቅር አላቸው እኮ! ሀፍላው መጣ፣ እሷ ተሳፈረች፣ በመስኮት እጇን አወዛወዘችለት። እሱ እዚያው ቀረ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ ነበር፤ ግን የካርቱም አስፋልት መቼ ተሰንጥቆ ያውቃል። የመጣውን ሚኒባስ ሁሉ እያሳለፈ ቆሞ ቆሞ፣ በመጨረሻ ወደ ዘሪባው በእግሩ ተመለሰ።

ቀጥታ ሐጁ ዘንድ ገባ። ሳይቀመጥ ነገረው። ጀሪካኑን፣ አርባ እርምጃውን፣ የኒሟን ዛፍ፣ «ሰው ይየው» የሚለው ቃል እንዴት እንደጣፈጠው፣ ድብቅ ጊዜ የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ዶክተርም እንዳልሆነ፣ ሁሉንም። አንዴ ከጀመረ በኋላ ማቆም አልቻለም። ሐጁ መቁጠሪያውን እያንከባለለ እስከ መጨረሻው ሰማው። ከዚያ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ወላሂ፣ እናንተ ሐበሾች!» አለ። «ለወገንህ ብለህ ራስህን ጥፋተኛ ታደርጋለህ? ተሰማ አሳዝኖህ ነው። ገብቶኛል። እንዲህ ያለ ሰው አጠገቤ በመኖሩ አላህን አመሰግናለሁ።»

«ሐጅ፣ እውነቴን ነው!»

«ኸላስ፣ ኸላስ። ሰው መሆንህን አየሁት።»

ጀምበሬ ሊያብድ ደረሰ። አሁን ደግሞ ውሸታም መሆኑን እንኳን የሚያምነው አጣ! ጠረጴዛውን ይዞ ጎንበስ አለ። ድንገት አንድ ነገር ትዝ አለው። የተሰማ ጭነት ሁለት መኪና ነበር። አንደኛው እዚህ ሲራገፍ ሁለተኛው አርካዊት፣ ተሰማ ቤት አጠገብ ካለ ባዶ ግቢ ነው የተራገፈው። ከአንድ ጫካ፣ በአንድ ቀን የተቆረጠ እንጨት ነው፤ ልዩነቱ ጀሪካን አጠገብ አለመዋሉ ብቻ ነው።

«ሁለተኛውን ጭነት ልጠን እንየዋ!» አለ። «ጥንዚዛው ከድንበር የመጣ ከሆነ እሱም ውስጥ መኖር አለበት። ንጹህ ከሆነ ግን የጠራሁት እኔ ነኝ።»

ሐጁ መቁጠሪያውን ማንከባለል ተወ። ይኼኛው ገባው፤ የእንጨት ነጋዴ ነው። ቀና ብሎ ጀምበሬን አየው፤ አስተያየቱም ቅድም የነበረው አልነበረም።

«ነገ ከዙሁር ሶላት በኋላ አርካዊት እመጣለሁ» አለ በመጨረሻ። «የገበያውን ሽማግሌዎች ይዤ እመጣለሁ። እንጨቱ ንጹህ ከሆነ ተሰማን በእነሱ ፊት ይቅርታ እጠይቀዋለሁ፤ በሩም ይከፈትለታል። የአንተን ጉዳይ ከዚያ በኋላ እናያለን።»

ጀምበሬ ከዚያ ቢሮ ሲወጣ ከሁለት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሹ ሙሉ ሆኖ ወጣ። ይባረር፣ ይሳቅበት፣ ግድ የለውም። የተሰማ ስም ነገ ከሰዓት ይነጻል። ያኔውኑ አርካዊት የሚሄድ ሀፍላ ላይ ተንጠለጠለ።

ተሰማ ደጁ ላይ የገመድ አልጋ አውጥቶ ተቀምጦ ነበር። ከስቷል። ጀምበሬን ሲያይ ብድግ አለ፣ ሁለት እጁን ዘረጋ፣ ትከሻ ለትከሻ ሦስት ጊዜ ሳመው። «ስንቅነሽ! ማን እንደመጣ ብታይ!» አለ። እሷ ከውስጥ «እጄ ሊጥ ነው፣ መጣሁ!» አለች።

ጀምበሬ አልተቀመጠም። ለሐጁ የነገረውን በአማርኛ ደገመው። በአማርኛ ይበልጥ ከበደው። ተሰማ መሬት መሬቱን እያየ ሰማ።

«እንጨትህ ንጹህ ነበር ነው የምትለኝ?»

«ንጹህ ነበር፣ ጋሽ ተሰማ። ጥንዚዛዎቹን የጠራሁብዎ እኔ ነኝ። ነገ ይረጋገጣል። ሐጁ ሽማግሌ ይዞ ይመጣል፤ ያንን ሁለተኛውን ጭነት እንልጣለን፣ ሁሉም በዓይኑ ያያል። የት ነው ያለው? አሁን ሁለት ሦስቱን አይቼ ልደር።»

ጀምበሬ በአጥሩ አሻግሮ አጣናው ወደተራገፈበት ግቢ ተመለከተ። ግቢው ባዶ ነበር። የመኪና ጎማ ዱካና የተበታተነ ቅርፊት ብቻ አለበት።

«ሸጡት እንዴ፣ ጋሽ ተሰማ?»

«እንዴት እሸጠዋለሁ?» አለ ተሰማ። «ውስጡ እንቁላል አለበት ያልከኝን እንጨት ለማን እሸጣለሁ? የሰው ጣሪያ ላይ እንዲወጣ? የጡብ ማቃጠያዎቹ ጋ አስጫንኩት፣ ዓባይ ዳር። እንዲያው ውሰዱና አቃጥሉት አልኳቸው። አልቆ እስኪነድ ሁለት ቀን እዚያው ቆሜ ነው ያየሁት፤ አንድ አጣና እንኳን ወጥቶ ሰው ቤት እንዳይገባ ብዬ።»

ጀምበሬ የአልጋውን ጠርዝ ይዞ ቁጭ አለ፤ ነገ ለሽማግሌዎቹ የሚላጥ አንድ አጣና የለም።

«ከማስጫኔ በፊት» አለ ተሰማ ቀስ ብሎ፣ «እዚህ ተቀምጬ ሠላሳ የሚሆነውን ልጬ አይቼው ነበር። አንተ እንደምታደርገው፣ በቢላዋ። ምንም የለበትም። አንዲት ቀዳዳ የለም። ለስንቅነሽ አሳየኋት፤ እሷም ‹ንጹህ ነው፣ አታቃጥለው› ብላ አለቀሰች። እኔ ተቆጣኋት። ‹የማይታይ እንቁላል አለበት፣ ዶክተር ነው ያለው፤ አንቺ ከእሱ በላይ ታውቂያለሽ?› አልኳት። ዓይኔን አላመንኩትም። አንተን ነው ያመንኩት።»

ጀምበሬ ቀና ማለት አልቻለም። የሚላቸው ቃላት ሁሉ አፉ ውስጥ ቀለሉበት። «ይቅር ይበሉኝ» አለ፤ ለራሱም በቅጡ አልተሰማውም።

ተሰማ ይቅር ብዬሃለሁም አላለም፣ አልልህምም አላለም።

«እኔን ተወኝ» አለ። «እሷን ጥራትና ይህንኑ እሷ ፊት ድገመው። የእንቁላሉን ነገር ሳትዘል።»

ጀምበሬ ተነሳ። ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄደና «እትዬ ስንቅነሽ» ብሎ ተጣራ። ስንቅነሽ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች፣ «እሰይ፣ ጠፍተህ ጠፍተህ መጣህልን!» እያለች፣ እየሳቀች ወጣች።